ያላሰማሁት ተቃውሞ

የወረዳ ምክር ቤት አባል የሆንኩት ሳልፈልግ ነው እያልኩ ለሰው ሳወራ ኖሬአለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ፈልጌ ነው። ያኔ መንዝ ውስጥ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተሠራ የገጠር ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ቀበሌው ሴት ተወካይ ሲፈልግ ስሜ ተጠራ። ለይሉኝታ ያህል አንገቴን ደፋሁ እንጂ ሰዉ ሲያጨበጭብልኝ ውስጤ ሞቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ገበያ ስወጣ እናቶች ከተቀመጡበት ብድግ ይሉልኛል፤ "የኛ ተወካይ" ይሉኛል። ደስ ይለኝ ነበር።

ትምህርት ቤታችን እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተምራል። ሰባተኛና ስምንተኛ የተከፈቱት እኔ ከመምጣቴ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሕዝቡ ራሱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ባሕር ዛፍ ቆርጦ፣ ጭቃ አቡክቶ ሁለት ክፍል ሠርቶ "አስተማሪ ብቻ ስጡን" ብሎ ነው ያስከፈታቸው። ከዚያ በፊት ስድስተኛን የጨረሰ ልጅ ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ደግሞ ዳገቱን ወጥቶ በወዲያኛው አፋፍ ወዳለው ትምህርት ቤት መሄድ ነበረበት። ለጎልማሳ ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ጭራሽ አይታለፍም። ስለዚህ ከወንዶቹ ጥቂቶች ይሄዱ ነበር፤ ሴቶቹ ግን ስድስተኛ ላይ ይቆሙ ነበር።

በዚያ ዓመት የክልሉ ምክር ቤት አዲስ የበጀት ድልድል ደንብ አወጣ። ነገሩ ሲቀልል እንዲህ ነው፤ ለወረዳው የሚመጣው የትምህርት ድጎማ በተማሪ ቁጥር ይሰላል፣ ተማሪው ከተወሰነ ቁጥር በታች የሆነ ክፍል ግን ከስሌቱ ይወጣል። ሜዳ ላይ፣ መንገድ ዳር ለተሠራ ትልቅ ትምህርት ቤት ደንቡ ደግ ነው። እንደኛ በየሸንተረሩ ተበታትኖ ለሚኖር፣ ሰባተኛ ክፍሉ ሃያ ምናምን ልጅ ብቻ ለሚቀመጥበት ሕዝብ ግን መርዶ ነበር። ይህን ሁሉ የተረዳሁት በኋላ ነው። በጊዜው አላውቅም ነበር ብዬ ግን ማምለጥ አልችልም፤ ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር።

ስብሰባው የተደረገው ሐምሌ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሙሉውን በሪፖርት አለቀ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት የወረዳውን የበጀት ረቂቅ አደሉን። ወፍራም ነው፤ ከበስተኋላው ብዙ ሠንጠረዥ በአባሪነት ተያይዟል። አገላበጥኩት። ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚለውን ርዕስ ፈልጌ አገኘሁና የመምህራን ደመወዝ አለመነካቱን አይቼ ዘጋሁት። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን እንጀራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁም።

ከምሳ በኋላ የፋይናንስ ኃላፊው ማንበብ ጀመረ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርድ ስለነበር የሚለው ግማሽ በግማሽ ነው የሚሰማው። እኔ በመስኮት ውጭ ውጭውን አያለሁ። ወደ ቀበሌያችን መገንጠያ የምትሄደው የመጨረሻዋ አይሱዙ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነሣለች፤ እሷ ካመለጠችኝ ከተማ ማደሬ ነው። አጠገቤ ከሌላ የደጋ ቀበሌ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠዋል። ወረቀታቸውን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉና፣

"ልጄ፣ አንቺ አስተማሪ ነሽ። ምንድነው የሚለው? እኔ ፊደሉ አይታየኝም" አሉኝ።

"ያው ያምናው ነው፣ አባባ" አልኳቸው።

"እንግዲያስ ደግ" አሉና ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

አፈ ጉባኤው "የሚደግፍ" ሲል እጄን አወጣሁ። ሽማግሌውም ዞር ብለው አዩኝና እጃቸውን አወጡ። "የሚቃወም?" ዝም። "ድምፀ ተአቅቦ?" ዝም። "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" ተባለ፤ ጭብጨባ ሆነ። እኔም አጨበጨብኩ። አይሱዙዋ ሳትነሣ ደረስኩባት።

ደብዳቤው የመጣው በጳጉሜን ነው፣ ምዝገባ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው። ርዕሰ መምህራችን ገና ሁለት ዓመቱ የሆነ ወጣት ነበር። ቢሮ ጠራኝና ወረቀቱን ሰጠኝ። በክልሉ አዲስ ደንብና በወረዳው ምክር ቤት በጸደቀው በጀት መሠረት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ከመስከረም ጀምሮ ወንዙን ተሻግሮ ካለው ትምህርት ቤት ጋር እንዲዋሐዱ፣ ሦስት መምህራንም ወደዚያው እንዲዛወሩ ይላል።

"ምክር ቤት አልነበርሽም እንዴ?" አለኝ።

"ነበርኩ።"

"አልተነሣም?"

"እንዲህ በግልጽ አልተነሣም።"

ቤቴ ሄጄ ረቂቁን ፈልጌ አወጣሁት፤ የልጄን ደብተር ልለብድበት አስቀምጬው ነበር። ከኋላ ባለው ሠንጠረዥ ላይ የትምህርት ቤቶች ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ከኛ ስም ፊት ለፊት "ይታጠፋል" ይላል። አንድ ቃል ናት። ከኛ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ደግሞ የእኒያ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ቀበሌ ትምህርት ቤት አለ። እሱም ይታጠፋል።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። የወላጅና መምህር ኅብረቱ ሰብሳቢ የደብራችን ቄስ ናቸው፤ የእኔም የንስሐ አባት። ገና በሃያ አንድ ዓመቴ፣ ማንንም ሳላውቅ ወደዚያ አገር ስመደብ ቤት ያፈላለጉልኝ እሳቸው ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን አነበበ። መጀመሪያ ሰዉ አልገባውም፤ ሲገባው ጉርምርምታ ሆነ። አንዱ "ክፍሉን የሠራነው እኛ አይደለንም ወይ?" እያለ ይጮሃል። ወደ ኋላ በኩል አንዲት እናት አንድ ቦታ ላይ ቆማ ታየኛለች። አውቃታለሁ። ልጇን አራተኛ ክፍል አስተምሬአታለሁ፤ ጎበዝ ነበረች፣ ዘንድሮ ሰባተኛ የምትገባ።

ቄሱ ሰዉን ጸጥ አሰኙና ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ አንቺ እዚያው ነበርሽ። ይሄ ሲወሰን ምን አልሽ?"

ዐሥር ዓይነት መልስ ነበረኝ። "አላነበብኩትም" ማለት እችል ነበር። "ዘንግቼ ነው፣ ይቅር በሉኝ" ማለት እችል ነበር። ሁሉም ያየኛል። ያቺ እናት ታየኛለች።

"ተቃውሜ ነበር" አልኩ። "ብቻዬን ሆንኩ።"

ከአፌ ሲወጣ ለራሴ እንኳ እውነት መስሎ ተሰማኝ። ሰዉ ተነፈሰ። "እሰይ!" ያለ ሰው ነበር። አንዲት አሮጊት መጥተው ትከሻዬን ሳሙኝ። ቄሱ፣ "እግዜር ይስጥሽ። አንድም ቢሆን የቆመልን ሰው አለ" አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ተሳለምኩ።

ውሸት አንዴ ተብሎ የሚቀር መስሎኝ ነበር። በማግስቱ እንቁላል የላከችልኝ ሴት ነበረች። አንዱ አባወራ በሬ እየነዳ ሲያልፍ አስቁሞኝ "ምን ብለሽ ነው የተቃወምሻቸው?" ሲለኝ ያላልኩትን ንግግር ቆሜ ተረኩለት። ያን ጊዜ እንኳ ስለ ወንዙ፣ ስለ ሴት ልጆቹ አሳምሬ ተናገርኩ። አዳራሹ ውስጥ ብናገረው ኖሮ ሰው ያዳምጠኝ ነበር።

ከሁሉ የከፋው አቤቱታው ነው። ሕዝቡ ቄሱን ጨምሮ ሦስት ሽማግሌዎች መርጦ ወደ ወረዳ ሊልክ ወሰነ፤ ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ሆንኩ፣ የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው ተብሎ። ቄሱ እያነበነቡ እኔ እጽፋለሁ። ስለ መንገዱ አሉ፣ ስለ ገደሉ አሉ፣ ክፍሉን ሕዝቡ መሥራቱን አሉ። ከዚያ፣

"'በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይም ተወካያችን ብቻዋን ቆማ ተቃውሞዋን ብታሰማ ሰሚ አላገኘችም' ብለሽ ጻፊ" አሉኝ።

እስክሪብቶዬ ቆመ። "አባ፣ የእኔን ነገር ብንተወውስ?"

"ትሕትና መልካም ነው ልጄ። ክርክር ግን ምስክር ይፈልጋል።" ፈገግ አሉ። "አይዞሽ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።"

ጻፍኩት። ቀጥ ባለ ቆንጆ ፊደል ጻፍኩት። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከሥሩ ፈረሙ።

"አንቺም ነይ፤ አፍ ትሆነናለች የምንለው አንቺን ነው" ቢሉኝ ክፍል አለኝ፣ ተተኪ መምህር የለም ብዬ ቀረሁ። የሄዱ ለት ሙሉ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አላስታውስም። ወደ ማታ ገደማ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሲያልፉ አየኋቸው። ሁልጊዜ ቆም ብለው ሰላም ሳይሉን አያልፉም ነበር። ያን ቀን ቄሱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ፣ ወደ እኛ ሳያዩ አለፉ። አወቅሁ።

ሕዝቡ ግን ምንም አልሰማም። "ጉዳዩን እናየዋለን ብለውናል" ነው የተባለው። እኔን ደፍሮ የተናገረኝ ሰው የለም። እንዲያውም ሰላምታው አልተቀነሰም። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። በሦስተኛው ቀን ቄሱን መንገድ ላይ አገኘኋቸውና እጅ ነሣሁ።

"እንደምን አደሩ፣ መምህርት?" አሉኝ።

እኒህ ሰው ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ "አንቺ" ነው የሚሉኝ። "ልጄ" ነው የሚሉኝ። እርስዎ ሲሉኝ በሰው ፊት በጥፊ የተመታሁ ያህል ፊቴ ጋለ። ለሌላ ሰው አክብሮት ነው፤ እኔና እሳቸው ምን እንደሆነ እናውቃለን።

ሳምንት ያህል ቆይቼ ቤታቸው ሄድኩ። ከብት ያፈረሰውን የጓሮ ካብ እየጠገኑ ነበር።

"አባ፣ የምነግርዎ አለኝ።"

"ይናገሩ።"

"አልተቃወምኩም።"

የያዙትን ድንጋይ ቦታው ላይ አስቀመጡና እጃቸውን አራገፉ።

"አውቃለሁ። የምክር ቤቱ ጸሐፊ ቃለ ጉባኤውን አውጥታ አነበበችልን። 'በሙሉ ድምፅ' ይላል። 'እንደገና አንብቢው፣ ተሳስተሽ ይሆናል፤ የኛ ልጅ አትዋሽም' አልኳት። ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። ከዚያ ገጹን አዙራ የእርስዎን ፊርማ አሳየችን።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ለሕዝቡ ለምን አልነገሩትም?"

"አንድ ሰው ጠይቆኝ ነበር። 'መቃወሟን የወረዳ ሰዎቹስ አመኑ ወይ?' አለኝ። አዎን አልኩት።" ቀጥለው፣ "ይሄን ሁሉ ዘመን ቅዳሴ ቆሜአለሁ። ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ እንዲህ ዋሽቼ አላውቅም" አሉ።

"በእኔ ምክንያት" አልኩ።

"ለእርስዎ ብዬ አይምሰልዎ። ሕዝቡ ክፍሉን ወስደውበታል። 'አንድ ሰው ግን ቆሞልናል' ብሎ ነው ትንሽ ቀና ያለው። እሱን ደግሞ እኔ እንዴት ልውሰድበት?"

"እኔ እነግራቸዋለሁ፣ አባ።"

"እርስዎ ያውቃሉ" አሉና ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ።

በሚመጣው እሑድ እናገራለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት። እሑድ ሲመጣ ልቅሶ ሆነ፤ ልቅሶ ላይ አይነገርም አልኩ። ቀጥሎ የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነው፤ በበዓል ሰው አይረበሽም አልኩ። ምክንያት የፈለገ ሰው ምክንያት አያጣም። እንዲህ ሳደርግ ኅዳር አለቀ።

በዚህ መሃል ያቺ ልጅ ገደሉን ትወርድና ትወጣ ነበር። ከሰባተኛ ክፍሎቹ ሴቶች መካከል የቀጠለችው እሷ ብቻ ናት። እናቷ ሳይነጋ እስከ ወንዙ ሸኝታት ትመለሳለች፤ ባና የሚባለው ብርድ ልብስ የሚሠራበትን የበግ ፀጉር ስትፈትል ውላ ደግሞ ማምሻውን ልትቀበላት ትወርዳለች። አንድ ጠዋት ውርጭ የመታው ድንጋይ አንሸራቷት ልጅቷ ወደቀች፤ እግሯ ወለም አለ። ሰምቼ ልጠይቃት ሄድኩ። እግሯ በጨርቅ ታስሮ፣ መደብ ላይ ተቀምጣ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታነባለች።

እናቷ ሸኝታኝ ደጅ ስንወጣ፣ "ከእንግዲህ በቃት። አክስቷ ዓለም ከተማ አለች፤ እሷ ጋ ትሂድ" አለችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ፣ "አንቺስ የምትችዪውን አድርገሽ ነበር" አለችኝ።

ይህን መሸከም አልቻልኩም። በወሩ የወላጆች ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህሩ "ሌላ ጉዳይ ያለው?" ሲል ተነሣሁ። ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። "ምክር ቤት ውስጥ አልተቃወምኩም። እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ። ወረቀቱን አላነበብኩትም ነበር። የነገርኳችሁ ውሸት ነው። አቤቱታው ላይም ውሸቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሽማግሌዎቹን ሰው ፊት አዋርጃለሁ" አልኩ። ይኸው ነው ያልኩት።

ስድብ ጠብቄ ነበር። አልመጣም። አንድ ገበሬ ከኋላ፣ "ብትቃወሚስ ምን ይለወጥ ነበር? ከላይ የመጣ ነገር ነው" አለ። ሊያቀልልኝ ብሎ ነው። ስድቡ ይሻለኝ ነበር፤ ለራሴ ስሰጠው የሰነበትኩትን ምክንያት ነበርና ከሌላ ሰው አፍ የሰማሁት።

የልጅቷ እናት ተነሣች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንብበሽው ቢሆን ኖሮ ትቃወሚ ነበር?"

"አዎን" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። አዳራሹን አሰብኩት፤ አፈ ጉባኤውን፣ ዝናቡን፣ አይሱዙዋን።

"አላውቅም" አልኩ።

"እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው" አለችና ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ማንም አልከለከለኝም፣ ማንም አላባረረኝም። ከምክር ቤቱ ልውጣ ብል "ጊዜሽን ጨርሺ፣ ሌላ ሴት ከየት ይመጣል?" ተባልኩ። በሚቀጥለው ሐምሌ ረቂቁን ሲሰጡን ከነአባሪው፣ መስመር በመስመር አነበብኩት። እኒያ ሽማግሌ ገበሬም መጥተው ነበር፤ አይተውኝ አንገታቸውን ነቀነቁና ሁለት ረድፍ አልፈው፣ አንድ ወጣት አጠገብ ተቀመጡ። ወረቀታቸውን ለሱ ሲሰጡት አየሁ።

ውይይቱ ሲከፈት ተነሣሁ። ክፍሎቹ ከክልሉ ስሌት ቢወጡም ወረዳው ከራሱ ገቢ ሊደጉማቸው አይችልም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የፋይናንስ ኃላፊው በትሕትና መለሰልኝ።

"የተከበሩ የምክር ቤት አባል፣ ቀመሩ የክልሉ ነው። እኛ የተሰጠንን ነው የምናከፋፍለው። የራሳችን ገቢ ደግሞ ለቢሮ ጥገና ተይዟል።"

"የሚቃወም?" ሲባል እጄን አነሣሁ። አንድ እጅ ነበር። አዳራሹ ዞሮ አየኝ። ጸሐፊዋ መዘገበች፤ "በአብላጫ ድምፅ" ተባለ። ሌላ ምንም አልሆነም። ማንም አልተቆጣኝም፤ በዕረፍት ጊዜ ኃላፊው ራሱ ሻይ ጋበዘኝ። መቃወም ያን ያህል ቀላል ነገር መሆኑን ሳይ ደስ አላለኝም። ዓመት ሙሉ ከባድ ነበር እያልኩ ራሴን ያጽናናሁበትም ነገር በዚያው ቀረ።

ክፍሎቹ በዚያ ዓመትም አልተመለሱም። የተመለሱት ከዚያ በኋላ፣ ክልሉ ደንቡን አሻሽሎ መንገድ የሌላቸውና ተበታትነው የሚኖሩ የደጋ ቀበሌዎች በሌላ ስሌት እንዲታዩ ሲያደርግ ነው። ከየወረዳው ብዙ አቤቱታ ደርሶት ነው ይባላል። የኛ ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም። ሰባተኛ ክፍል ሲከፈት ርዕሰ መምህሩ ንግግር አድርጎ ምክር ቤት ውስጥ የተከራከሩልንን ሰዎች አመሰገነ፤ ስሜንም ጠራ። አንዳንዱ አጨበጨበ፣ አንዳንዱ አላጨበጨበም። ያላጨበጨቡትን ልቤ አመሰገነ።

በዚያው ሰሞን የምዝገባ ተራ የኔ ነበር። የዚያች ልጅ እናት ትንሿን ይዛ መጣች፣ አንደኛ ክፍል የምትገባውን። ዕድሜዋን ጠይቄ፣ ጻፍኩ።

"ትልቋስ?" አልኳት፣ ቀና ሳልል።

"ዓለም ከተማ ናት። ደህና ናት።"

"ትማራለች?"

"መጀመሪያ ላይ ጀምራ ነበር። አሁን ሻይ ቤት ነው የምትሠራው።"

"ሰባተኛ እኮ ተከፍቷል። ብትመጣ…" አልኩ።

"አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ከነዚህ ጋር አትቀመጥም" አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። "መዝግቢልኝ በቃ፤ በጎቹን ለብቻቸው ነው የተውኳቸው።"